አንድ ገበታ፣ ሁለት ስኳር

እኔና ባለቤቴ ሁለታችንም ስኳር አለብን። እሱ ቀደመኝ፤ እኔም ብዙ ሳልቆይ ተከተልኩት። ጎረቤቶቻችን «እነዚህ ሰዎች በስኳርም ቆረቡ» እያሉ ይስቁብናል። ይሳቁ። እሱ ጧትና ማታ እንክብሉን ይውጣል፤ የእኔ ባሰ ስለተባለ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ልጆቻችን ለትምህርት ደሴ ስለሆኑ ቤቱ የሁለታችን ብቻ ነው። ጧት ከአልጋ እንደወረድን፣ ፊታችንን ሳንታጠብ፣ ጣታችንን ወጋ አድርገን እንለካለን፤ መጀመሪያ እሱ፣ ቀጥዬ እኔ። የእሱን ቁጥር ሁለታችንም አየት አድርገን እናልፈዋለን። የእኔ ሊወጣ ሲል ግን አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል።

የታዘዝነውን ለመፈጸም አልሰነፍንም። ስኳርና ለስላሳ ከቤታችን ከወጣ ቆየ። ነጭ ዳቦ ደጃችንን አይረግጥም። እንጀራችን ገብስና ጤፍ የተቀላቀለበት ነው፤ ወጡ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን። የምንበላው ደግሞ ከአንድ ገበታ ነው። ከተጋባን ጀምሮ ለየብቻ ሰሐን ይዘን አናውቅም፤ በእኛ አገር ባልና ሚስት ገበታ ከለዩ ሰው የሚያስበው ሌላ ነው። እና አንዱን እንጀራ፣ አንዱን ወጥ፣ በአንድ ሰዓት በልተን፣ የእሱ ስኳር እንደ ጨዋ ልጅ አርፎ ሲቀመጥ የእኔ ይጋልባል። ሁልጊዜም አይደለም። አንድ ሰሞን ደህና እሰነብትና አንድ ቀን ጧት ሳላስበው ሽቅብ ወጥቶ አገኘዋለሁ፤ በማግስቱም እንደዚያው፣ በሠልስቱም እንደዚያው። ከዚያ ደግሞ ማን ውረድ እንዳለው ሳይታወቅ ቁልቁል ይሄዳል።

ባለቤቴ እዚሁ ላሊበላ አስጎብኚ ነው። እንግዳ ባለበት ሰሞን ሲወጣ ሲወርድ ይውላል፤ ዛሬ ነአኩቶ ለአብ፣ ነገ ገነተ ማርያም። እንግዳ በጠፋበት ጊዜ እንኳ እግሩ አርፎ አይቀመጥም። እኔ የምሠራው ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ነው። እሱ እንደሚያስበው እጄ እሳት ላይ ከዋለ አፌም ድስት ላይ ይውላል። የእንግዶቹ ፓስታ፣ ኬክ፣ የተጠበሰ ድንች፣ ሁሉም በእጄ ያልፋል። ስለዚህ ቁጥሬ በወጣ ቁጥር ጥያቄው ከመልሱ ጋር ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል።

«ምን ቀመስሽ?»

«ምንም።»

«የበላነው አንድ ገበታ ነው። የእኔ እዚህ፣ ያንቺ እዚያ። ታዲያ ከየት መጣ?»

«እኔ ምን አውቄ። ከሰማይ ወረደ በለው።»

«ከወጥ ቤት ነው የወረደው።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸ ነው። ማማሰያ ምላሴ ላይ ካደረግሁ ስንት ጊዜዬ። ጨው ለመቅመስ እንኳ አብራኝ የምትሠራውን ሴት «ነይ እስቲ ቅመሽልኝ» ማለት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ይህንንም ነገርኩት፤ አላመነኝም። አንድ ሰሞንማ ተናድጄ «በል ምሳዬን አንተው ቋጥርልኝ» አልኩት። አላፈረም፣ ቋጠረልኝ። ያንኑ እሱ የቋጠረልኝን ብቻ እየበላሁ ሰነበትኩ። መጀመሪያ ላይ ደህና ሆነ፤ እሱም «አየሽ?» በሚል ዓይን አየኝ። ከዚያ ያው ክፉ ሰሞን መጣና ቁጥሩ ተተኮሰ። መለኪያውን አየ፣ እኔን አየ፣ ዝም አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ያ ዝምታው ነው ቆሽቴን ያሳረረው።

ንዴቱ ንዴት ነው፤ ያልፋል። የማያልፈው ፍርሃቱ ነበር። ስኳር ሲበዛ የሚጎዳው ቀስ እያለ ነው፤ ዓይን፣ ኩላሊት፣ እግር። ሲያንስ ግን ፋታ አይሰጥም። አንዳንድ ቀን ገና ሳይነጋ ልብሴ በላብ ርሶ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ ምላሴ እንደ ሌላ ሰው ምላስ ከብዶኝ እነቃለሁ። እየተደናበርኩ ተነሥቼ ያገኘሁትን እበላና እመለሳለሁ። አንድ ቀን ሳልነቃ ብቀርስ? ይህ ነበር ቀን ሽንኩርት ስከትፍም፣ መንገድ ስሄድም፣ ሰው ሲያወራኝም የሚመላለስብኝ። አጠገቤ የሚተኛው እሱ ብቻ ነው። እሱ ካልደረሰልኝ ማንም አይደርስልኝም። እሱ ደግሞ የሚያየኝ ድስት ስትልስ እንደ ተያዘች ሴት ነው። ላቤን ባሳየው «ያ የበላሽው ነው የሚያልብሽ» ይለኛል። በዚህ ዓይን የሚያየኝ ሰው ያቺን አንዲት ሰዓት እንዴት ያውቅልኛል እላለሁ።

ጤና ጣቢያ የምሄደው ስፈራ ነበር፤ ይህ የገባኝ አሁን ነው። ደህና በሆንኩበት ሰሞን ማን ሥራ ትቶ ወረፋ ይጠብቃል? ቁጥሩ ሲወጣ ነው ነጠላዬን አጣፍቼ የምሮጠው። ነርሱ ትሑት ልጅ ነው፤ ከበኩር ልጄ ብዙ አይበልጥም። ይለካኛል፤ ከፍ ብሎ ያገኘዋል።

«እትዬ፣ ምግብ ላይ ምን ለውጠዋል?»

«ምንም አልለወጥኩም።»

ባለቤቴ ከጎኔ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ነርሱ እሱን ያያል፣ እኔን ያያል፣ አንገቱን ደፍቶ ኢንሱሊኑን ይጨምርልኛል። ጨመረልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ እመለሳለሁ። ጥቂት እንደቆየሁ ላቡ ይመጣል። በሚቀጥለው ስሄድ ስለ ላቡ እነግረዋለሁ፤ እሱ ግን የሚለካው የዚያን ቀኑን ነው፤ የዚያን ቀኑ ደግሞ ሁልጊዜ ከፍ ያለ ነው። እንቅልፌን ጠየቀኝ፣ እግሬን ዳሰሰ፣ ዓይኔን አስመረመረኝ፤ ያልጠየቀኝ አንድ ነገር ነው። ቢጠይቀኝም አልመልስለትም ነበር። እንዴት አድርጌ ነው ልጄ ለሚሆን ወንድ፣ ባሌ ተቀምጦ እየሰማ፣ የወር አበባዬ መቼ መጣ መቼ ሄደ የማወራው? እናቴ ለእኔ እንኳ ያወራችኝ ጀርባዋን ሰጥታ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። እኔ በሽታዬን አልደበቅኩም፤ ይኸኛው የበሽታዬ አካል መሆኑን መቼ አወቅኩና።

ነገሩ የተገለጠው አንድ እሑድ ቅዳሴ ላይ ነው። የእኛ አብያተ ክርስቲያናት ወደ ታች የተፈለፈሉ ናቸው፤ ግቢያቸው ከታች ነው፣ መሬቱ ከላይ። ሴት ልጅ ልማዷ ሲመጣ ወደ ግቢው አትወርድም። ከላይ አፋፉ ዘንድ፣ ከወይራው ሥር ትቆማለች፤ ቅዳሴውን ከእግሯ በታች ትሰማዋለች። ማንም ለምን እዚያ ቆምሽ አይላትም፤ ማንም ደግሞ ሳያውቅ አይቀርም። ያን ዕለት ጧት መጥቶብኝ ነበርና እኔ ከላይ ቀረሁ፤ ባለቤቴ ወረደ። ቸኩለን ስለነበር አልለካንም። ቅዳሴ እስኪወጣ ደግሞ እህል አይቀመስም። ማታውን የወጋሁት የተጨመረልኝን ነው፤ ሰሞኑን ቁጥሬ ስለ ወጣ ነርሱ ዳግመኛ ከፍ አድርጎልኝ ነበር።

ፍሬ ቅዳሴ እንደገባ ላብ ጀመረኝ። ጧት ነው፣ የላስታ ብርድ እንደሆነ ይታወቃል፤ የእኔ ነጠላ ግን ጀርባዬ ላይ ተጣበቀ። ከታች የሚመጣው ዜማ ራቀብኝ፤ ከወንዝ ማዶ የሚዘመር መሰለኝ። ቁጭ ማለት ነበረብኝ፤ ሰው መጥራት ነበረብኝ። ስኳር ሲወርድ ግን መጀመሪያ የሚወስደው ልብን ነው፤ ሰውየው ራሱ መታመሙን አያውቅም። እኔ የታየኝ ባለቤቴ ከታች መሆኑ ብቻ ነው፤ ወደ እሱ ልሂድ ብዬ ወደ ፊት ተራመድኩ። ወደ ፊት ያለው አፋፉ ነው። ከአፋፉ ወዲያ እስከ ታች ድረስ ድንጋይ ነው።

ፍሬ ቅዳሴ ከገባ በኋላ ሰው ንቅንቅ አይልም፤ ካህኑ ሳያሰናብቱ መውጣት ነውርም ኃጢአትም ነው። ባለቤቴ ወጣ። ሕዝቡን እየገፋ፣ ጫማውን እንኳ ሳያደርግ፣ ደረጃውን ሮጦ ወጥቶ ወገቤን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተኝ። ይህን ሁሉ በኋላ ነው የነገሩኝ። እኔ የማስታውሰው ጥርሴን በጣቱ ከፍቶ አንድ ጣፋጭ ነገር አፌ ውስጥ ሲያደርግ ነው። አጠገባችን የነበሩ አንድ አረጋዊ መነኩሴ «ልጄ፣ ቅዳሴ አልወጣም እኮ» አሉት።

«አባቴ፣ ይፍቱኝ» አላቸው። «ትሞትብኛለች።»

መነኩሴው አዩንና በመስቀላቸው ባረኩን። አንዲት ተሳላሚ ከስልቻዋ በሶ አውጥታ በማር በጥብጣ ሰጠችው፤ እሱ እንደ ሕፃን አጎረሰኝ። ቀስ በቀስ ዓይኔ ተገለጠ። አፌ ውስጥ የነበረው ከረሜላ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው።

«ከረሜላ ኪስህ ውስጥ ምን ይሠራል?» አልኩት፤ የመጀመሪያው ቃሌ ይኸ ነበር።

«ለእንግዶች ነው። ዳገቱ ሲያዞራቸው የምሰጣቸው።»

«እህ። ሌባዋ ግን እኔ ነኝ።»

አልሳቀም። ፊቱ ዐመድ መስሎ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። «ባለፈው ወርም ከዚሁ ቆመሽ የተመለስሽ ለት ነው ያላበሽ» አለኝ። ምን እንደሚል አልገባኝም። «ከዚያ በፊትም። ውስጥ በምትገቢበት ሰሞን አያልብሽም። ስኳሩ የሚወጣው እዚህ ከመቆምሽ በፊት ባለው ሳምንት ነው፤ እዚህ ስትቆሚ ይወድቃል።» እያሰበ፣ ቃሉን አንድ አንድ እያነሣ ነበር የሚናገረው።

«አንተ ይህን ሁሉ መቼ አየኸው?»

«ቅዳሴ ላይ ሁልጊዜ እፈልግሻለሁ። ሴቶቹ ጋ ካጣሁሽ ወደ ላይ ቀና እላለሁ።»

ስንት ዓመት አብረን ስንኖር ይህን አላውቅም ነበር። ማልቀስ አማረኝ፤ ግን ተናድጄም ነበር፣ ያን ያህል የሚያይ ዓይን ድስት ልሰሻል የሚለኝ ስለምን ነው ብዬ።

በማግስቱ ሁለታችንም ጤና ጣቢያ ሄድን። ባለቤቴ ሊናገርልኝ አፉን ሲከፍት «ተው፣ የራሴን እኔው» አልኩት፤ ግድግዳው ላይ ያለውን የክትባት ሥዕል እያየሁ ለነርሱ ነገርኩት። ልጁም እንደ እኔው ተሽኮረመመ። ቀጥሎ ግን ወንበሩን አስጠጋና አስረዳን። ሴት ላይ ደሙ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ቀናት ሰውነት ውስጥ ከፍ የሚሉ ሆርሞኖች አሉ፤ እነሱ የኢንሱሊኑን ጉልበት ይሰብሩታል። እንጀራው ያው፣ ወጡ ያው፣ ስኳሩ ግን ይወጣል። ደሙ ሲመጣ ሆርሞኖቹ ይወርዳሉ፣ ኢንሱሊኑ ይበረታል። ያኔ በክፉው ሳምንት የተጨመረው ይበዛና ስኳሩን ይዞት ይወርዳል። «ሁሉም ሴት ላይ እንዲህ አይጎላም» አለ። «እርስዎ ላይ ግን ጎልቷል። እኔም የማየዎት በክፉው ሳምንት ብቻ ስለሆነ እየጨመርኩ ሄድኩ። መጠየቅ ነበረብኝ፤ አፈርኩ።»

«የእኔስ?» አለ ባለቤቴ።

«እርስዎማ ወር የለዎትም። በዚያ ላይ ሲራመዱ ይውላሉ፤ ጡንቻ ስኳር ይበላል፤ የወንድ ጡንቻ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይበልጣል። አንድ ገበታ ላይ ተቀምጣችሁ አንድ ዓይነት ቁጥር መጠበቅ አይሆንም።»

ኢንሱሊን የሚመነጨው ከቆሽት መሆኑንም ነገረን። «የእኔን ቆሽት ያሳረረውማ ከጎኔ ተቀምጧል» አልኩት። ያኔ ነው ባለቤቴ ከእሑድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀው።

ነርሱ መጠኑን ዝቅ አድርጎ ሁለት ልክ ሰጠኝ፤ አንዱ ልማዴ ሲቃረብ፣ ሌላው ከመጣ በኋላ። ደህና በሆንኩበት ሰሞንም እንድመጣ አስጠነቀቀኝ። ባለቤቴ ማታ ማታ መርፌውን ስይዝ «ውስጥ ነሽ ውጭ?» ይለኛል፤ ቅዳሴውን ማለቱ ነው፤ በዚያ ቃል ስለሚያወራ አያፍርም፣ እኔም አላፍርም። ልማዴ ሲቃረብ እንጀራውን ወደ ራሱ ሳብ ያደርግና ምስሩንና ጎመኑን ወደ እኔ ይገፋዋል። ገበታ አልለየንም። ላቡም ቀረ ማለት ይቻላል። ቁጥሬን ሲያይ አንገቱ አሁንም ይሰግጋል፤ ዓይኑ ግን ያ የዳኛ ዓይን አይደለም። እኔም ሳልፈራ መተኛት ጀምሬ ነበር።

ጀምሬ ነበር ያልኩት አሁን ሌላ ነገር ስለመጣ ነው። አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ልማዴ ተዛባ። አንዴ ቶሎ መጣ፣ አንዴ ዘገየ፤ ከዚያ ጭራሹን ጠፋ። እርግዝና እንዳይሆን ተመረመርኩ፤ አይደለም። ነርሱ «የማረጥ ጊዜ እየገባ ነው» አለኝ። በዚህ ጊዜ ሆርሞኖቹ እንደ ድሮው በወር አይመላለሱም፤ ሲላቸው ይወጣሉ፣ ሲላቸው ይወርዳሉ፤ ስኳሩም አብሮ። መፍትሔው ምንድን ነው ብዬ ስጠይቀው፣ ቶሎ ቶሎ መለካት ነው አለ። በግጭቱ መንገድ ከተዘጋ ወዲህ ግን የመለኪያው ወረቀት ከተማው ውስጥ የለም። የነበረን ያለቀው ባለፈው ሳምንት ነው። ኢንሱሊኑ እንኳ ያልተበላሸው መብራት ሲጠፋ እርጥብ አሸዋ ባለበት ገንቦ ውስጥ ስለማኖረው ነው።

ትናንት እራት ከበላን በኋላ መርፌውን ይዤ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ እንደልማዱ ጠየቀኝ።

«ውስጥ ነሽ ውጭ?»

«አላውቅም» አልኩት።

የበዛ ስኳር ቀስ ብሎ ነው የሚገድል፣ ያነሰው ዛሬውኑ ነው ብዬ ትንሹን ልክ ቀዳሁ። ትንሹ ራሱ ትንሽ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ሆዴን ቆንጠጥ አድርጌ ወጋሁት። ቀና ስል ከፊቴ ቆሟል። ይህ ሰው በላሊበላ ዙሪያ ያልወጣው ገደል የለም፤ ጦርነት በመጣ ጊዜ ልጆቻችንን በእግር ይዞ ያወጣን እሱ ነው፤ በዚህ ሁሉ አንድም ቀን ያችን ቃል ከአፉ አልሰማሁም።

«ፈርቻለሁ» አለኝ።

«እኔም» አልኩት። አጠገቤ ተቀመጠና እጄን ያዘኝ፤ የሚንቀጠቀጠው የእኔ ይሁን የእሱ መለየት አቃተኝ።